ከነጂው ዓይን የተሰወረው ሥፍራ

በቤተሰብ ዓምዳችን ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና አጠባበቅ በየጊዜው ስንወያይ ቆይተናል። የዛሬው ርእሳችን ግን በአንድ በኩል መሪ ጨብጦ የሚውለውን የሠራዊቱን ነጂ፣ በሌላ በኩል በጦር ሰፈሩ መኖሪያ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት እኩል የሚመለከት ነው። ይኸውም ነጂው በወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሊያያቸው ስለማይችላቸው፣ በተሽከርካሪው ዙሪያ ስላሉ ሥውር ሥፍራዎች ነው። ወደ ማብራሪያው ከመግባታችን በፊት ግን በዓይናችን ያየነውን እናውጋችሁ።

ጥቂት ዓመታት ያለፉት ነገር ነው። ለሥራ በሄድንበት አንድ ጦር ሰፈር፣ ከባለትዳሮች መኖሪያ አጠገብ ቆመን ሳለ፣ አርባ ቀን ያህል በግዳጅ ላይ የቆየ አንድ አሥር አለቃ ከባድ የጭነት መኪናውን እየነዳ ከበራፉ ደረሰ። መኪናውን ወደ ጋራዥ ከማስገባቱ በፊት የግል ጓዙን ለማውረድ ነበር የቆመው። ባለቤቱ ወጥታ ተቀበለችው፤ የሦስት ዓመት ወንድ ልጁም ሮጦ ከአንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ጓዙ ወረደ፤ ልጁ ተሳመ፤ አሥር አለቃው «አሁን መጣሁ» ብሎ ወደ ጋቢናው ወጣ። የግራውንም የቀኙንም ስፖኪዮ ተመለከተ። ሁሉም ነገር ደኅና መስሎ ታየው፤ ማርሽ አስገባ።

በዚያች ቅጽበት ልጁ ከእናቱ እጅ አፈትልኮ፣ ወደ መኪናው ፊት የተንከባለለችውን የጨርቅ ኳሱን ለማንሣት ጎንበስ ብሎ ነበር። እናቱ በመኪናው ጎን ጓዙን ስትሰበስብ ስለነበረች አላየችውም፤ አባቱም አላየውም። ያዩት ከማዶ በረንዳ ላይ ቡና ሲቆሉ የነበሩ አንዲት ጎረቤት ናቸው። የቡናውን መቁያ እንደያዙ ዘለው ወደ መንገዱ ወጡና «ቁም! ልጁን! ልጁን!» እያሉ ጮኹ። ጩኸታቸው በሞተሩ ድምፅ ተውጦ ነበር፤ የነጂውን ዓይን የሳበው ወደ ላይ የተዘረጋው እጃቸውና በመንገዱ ላይ የተበተነው ቡና ነው። ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው ሲቆም ከልጁ ጋር የነበረው ርቀት አንድ እርምጃ እንኳ አይሞላም ነበር።

አሥር አለቃው ወርዶ ልጁን ሲያቅፍ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አላየሁትም» አለ። ባለቤቱ ነጠላዋን ባፏ ላይ ጭና ቆመች እንጂ መልስ አልሰጠችውም። ያን ዕለት ቡናው እንደገና ተቆልቶ ተፈላ፤ ነገር ግን ስኒው እየቀዘቀዘ ተነሣ እንጂ የጠጣ ሰው አላየንም።

ውድ አንባብያን፣ «አላየሁትም» የሚለው ቃል እውነት መሆኑን እኛ እንመሰክራለን። አሥር አለቃው ሰነፍ ነጂ አልነበረም፤ ቸልተኛ አባትም አልነበረም። ይሁን እንጂ የቃሉ እውነትነት ብቻውን ልጅ አያድንም። አበው «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላሉ። ነጂው ዓይኑ የማይደርስበት ሥፍራ የት የት እንደሆነ በልቡ ካላወቀ፣ በመንገዱ የሚተላለፈውም ሰው ያንኑ ካላወቀ፣ ሁለት ደኅና ዓይን ያላቸው ሰዎች እንደ ዕውር ሊጋጩ ይችላሉ።

ነገሩን ከራሳችን ዓይን እንጀምር። በዓይናችን የውስጠኛ ጀርባ ላይ ብርሃንን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ። የእይታ ነርቭ ከዓይን ወጥቶ ወደ አንጎል በሚያመራበት ነጥብ ላይ ግን ብርሃን የሚቀበል አንዳች ነገር የለም። ይህን በ17ኛው መቶ ዘመን የገለጠው ኤድም ማርዮት የተባለ ፈረንሳዊ የሳይንስ ሰው ነው። ከልጆቻችሁ ጋር በቤታችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። በነጭ ወረቀት ላይ በስተግራ የመስቀል ምልክት፣ ከእርሱ 8 ሴንቲ ሜትር ርቆ በስተቀኝ አንድ ጥቁር ነጥብ አድርጉ። የግራ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በቀኝ ዓይናችሁ መስቀሉን ብቻ እየተመለከታችሁ፣ ወረቀቱን ከክንድ ርቀት ቀስ በቀስ ወደ ፊታችሁ አቅርቡት። ወረቀቱ ከዓይናችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ሲደርስ ጥቁሩ ነጥብ ድንገት ይጠፋል።

ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ነጥቡ መጥፋቱን ብቻ አይደለም። በነጥቡ ፈንታ ቀዳዳ ወይም ጥላ አይታያችሁም፤ የሚታያችሁ ነጭ ወረቀት ነው። አንጎል የጎደለውን በዙሪያው ባለው ነገር ይሞላዋልና። ሥውር ሥፍራ ሥውርነቱን አይናገርም ማለት ነው። አሥር አለቃውም የታየው «ባዶ መንገድ» ነበር። ሁለቱን ዓይኖቻችንን ስንገልጥ ግን ነጥቡ ተመልሶ ይታያል፤ ምክንያቱም የአንዱ ዓይን ጉድለት የሚያርፍበትን ሥፍራ ሌላው ዓይን ያየዋል። ይህን ምሳሌ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። በማንኛውም ከባድ መኪና ዙሪያ አራት ሥውር ሥፍራዎች አሉ፤ የፊት፣ የኋላ፣ የግራና የቀኝ። በአሜሪካ የጭነት መኪናዎችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሕዝብ በሚሰጠው ትምህርት፣ በትልቅ የጭነት መኪና ፊት 6 ሜትር ያህል፣ ከኋላው 9 ሜትር ያህል፣ በግራው አንድ የመንገድ ረድፍ፣ በቀኙ ደግሞ ሁለት የመንገድ ረድፍ ያህል ከነጂው ዓይን እንደሚሰወር ያስገነዝባል። ይህ ልክ እንደ መኪናው ዓይነት ከፍም ዝቅም ይላል፤ አራቱ ሥፍራዎች የሌሉት የጭነት መኪና ግን የለም።

የፊተኛው ሥፍራ ስንት እንደሚሆን በቀላል ስሌት ማግኘት ይቻላል። ኦራልን የመሰለ ሞተሩ ከፊት የወጣ መኪና እንውሰድ። የነጂው ዓይን ከመሬት 2 ሜትር ከ40፣ የኮፈኑ ጫፍ ከመሬት 1 ሜትር ከ80፣ በዓይኑና በኮፈኑ ጫፍ መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ነው እንበል። የነጂው ዓይን በኮፈኑ ጫፍ ላይ አልፎ መሬቱን የሚያገኘው ከመኪናው አፍንጫ 6 ሜትር ርቆ ነው። ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሕፃን ደግሞ ከመኪናው ፊት እስከ 3 ሜትር ድረስ ቢቆም የራስ ፀጉሩ እንኳ አይታይም። ጎንበስ ካለማ ሥፍራው ይብሱን ይሰፋል። ሞተሩ ከጋቢናው ሥር የሆነ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ መኪና ከዚህ የተሻለ ያሳያል፤ ቢሆንም ከመስተዋቱ ሥር ተጠግቶ የቆመን ልጅ እርሱም ይሰውራል።

የቀኙ ጎን ከግራው የከፋበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የምንነዳው በመንገዱ ቀኝ በኩል በመሆኑ የነጂው ወንበር በስተግራ ነው። ነጂው በግራው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ማየት ይችላል፤ በቀኝ በኩል ግን የጋቢናው ወርድ ሁሉ ይጋርደዋል። ጂቡቲ፣ ኤርትራ፣ ሱዳንና ሶማሊያ እንደኛው በቀኝ ሲነዱ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በግራ ይነዳሉ። ስለዚህ በሞያሌ በኩል የሚገባ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ሥውር ጎኑ የግራው ነው። በእኛ መንገድ ላይ እንዲህ ያለውን መኪና የሚቀድም ሰው የሚያልፈው ነጂው በደኅና በማያይበት ጎን በኩል መሆኑን ልብ ሊል ይገባዋል።

ከአራቱ ሥፍራዎች ሌላ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው አምስተኛ አለ። የፊቱን መስተዋት ግራና ቀኝ የያዘው የብረት ምሰሶ ነው። ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ምሰሶ ለዓይን ቅርብ ስለሆነ በ20 ሜትር ርቀት የቆመን ሰው ሙሉ በሙሉ ሊሸፍን ይችላል። የባሰው ነገር መኪናውም እግረኛውም ወደ አንድ መጋጠሚያ ሲጓዙ የሚሆነው ነው። ሁለቱ በየፍጥነታቸው ወደ አንድ ነጥብ እየተቃረቡ ከሆነ፣ እግረኛው ከነጂው ዓይን አንጻር ቦታውን ሳይለውጥ ከምሰሶው ጀርባ እንደተሸሸገ ይቆያል። ነጂው መንገዱን ለብዙ ሰከንዶች «አይቶ» ሰውየውን አንድ ጊዜም ላያየው ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወደ መጋጠሚያ ሲቃረቡ በወንበር ላይ ወደ ፊትና ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ከምሰሶው ጀርባ ማየት።

ስፖኪዮም ቢሆን የራሱ ጠባይ አለው። ወደ ውጭ ያበጠው ክብ መስተዋት ሰፊ ሥፍራ ያሳያል፤ በአንጻሩ የሚያሳየውን ነገር አሳንሶና አርቆ ያሳያል። በእርሱ ውስጥ ሩቅ የመሰለ ሞተር ሳይክል ጎናችን ደርሶ ሊሆን ይችላል። ደግሞም በስፖኪዮ አንድ ሰከንድ ማየት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ወደ 17 ሜትር ያህል ፊቱን ሳያዩ መጓዝ ነው። ስለዚህ መመልከት ተደጋጋሚና አጭር ይሁን እንጂ አንድ ጊዜና ረጅም አይሁን።

ይህን ሁሉ በቃል ከመስማት በዓይን ማየት ይበልጣል። በዚያው ጦር ሰፈር አደጋው ለጥቂት ካለፈ ከሳምንት በኋላ የሆነውን እንንገራችሁ። የክፍሉ አዛዥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ኦራል በሜዳው ላይ እንዲቆም አደረጉ። ሞተሩ ጠፋ፤ ቁልፉ ተነቀለ፤ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ገባ። የሰፈሩ እናቶችም ተራ በተራ ወደ ጋቢናው እየወጡ በነጂው ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ተጋበዙ። ወታደሮቹ ቢጫ የውሃ ጀሪካኖች እየደራረቡ በመኪናው ዙሪያ ያቆሙ ነበር፤ ሁለት ጀሪካን ሲደራረብ የሦስት ዓመት ልጅ ቁመት ያህል ይሆናልና።

በመጀመሪያ የወጣችው የዚያ ልጅ እናት ነበረች። መሪውን ይዛ ወደ ፊት ተመለከተች፤ በግራም በቀኝም አየች፤ ከዚያም በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ጀሪካኑን ገና አላስቀመጣችሁም እንዴ?» ስትል ጠየቀች። ጀሪካኑ ከኮፈኑ ፊት ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። ሌላው ከኋላው ጎማ አጠገብ፣ ሌላው ከቀኙ በር ሥር ነበር። ወርዳ አንድ በአንድ እየዞረች አየቻቸው። በመጨረሻም ባሏ ከቆመበት ሄዳ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሳምንቱን ሙሉ አኩርፌህ ነበር፤ እንዴት ልጁን አያየውም እያልኩ። ለካስ ከዚህ ላይ ሆኖ አይታይም» አለችው። አሥር አለቃው መሬት መሬቱን እያየ «አይታይም፤ እኔ ግን እንደማይታይ እያወቅሁ ሳልዞር ነዳሁ» ሲል መለሰ።

እኛ ስለዚህ ጉዳይ ከሰማነው ሁሉ እንደነዚህ ሁለት አረፍተ ነገሮች የበለጠ ትምህርት አላገኘንም። የእርሷ ቃል ነጂውን ከሐሰት ወቀሳ ነፃ ያወጣዋል፤ የእርሱ ቃል ደግሞ ኃላፊነቱን መልሶ በትከሻው ላይ ያኖረዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

እንግዲህ ከነጂው ምን ይጠበቃል? ከሁሉ አስቀድሞ፣ የቆመ መኪና ከመነሣቱ በፊት ነጂው በእግሩ ሙሉ ዙር ይዙር፤ ጎንበስ ብሎ ከሥሩም ይመልከት። ዞሮ ካየም በኋላ ሳይዘገይ ይነሣ። ዞሮ አይቶ፣ ከዚያ ሲጋራ አጭሶ፣ ከጓደኛው ጋር ተጫውቶ የሚነሣ ነጂ ምንም እንዳላየ ይቆጠራል፤ ልጅ አንድ ቦታ የሚቆም ፍጡር አይደለምና። በተለይም በቆላው ሙቀት ብቸኛው ጥላ የመኪና ሥር በሆነበት ሥፍራ፣ ከጎማው አጠገብ የሚተኛ ወታደርም ሊኖር ይችላል። ከተሽከርካሪ ሥርም ሆነ ከአጠገቡ መተኛት ፈጽሞ መከልከል ያለበት ልማድ ነው።

ሁለተኛ፣ ወደ ኋላ መንዳት ሳያስፈልግ ወደ ኋላ አይነዳ። ሲቻል ስንገባ መኪናውን አዙረን በማቆም፣ ስንወጣ ፊታችንን ይዘን እንውጣ። የግድ ከሆነ ግን ረዳቱ ወርዶ በእጅ ምልክት ያሳይ። ምልክት ሰጪው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ በግራ በኩል፣ ፊቱ በነጂው ስፖኪዮ ውስጥ በሚታይበት ሥፍራ ይቁም፤ በመኪናውና በግድግዳ ወይም በመኪናውና በሌላ መኪና መካከል ከቶ አይግባ። ነጂውም ምልክት ሰጪው ከዓይኑ በተሰወረ ቅጽበት፣ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይቁም። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ 2 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም ነጂው ጩኸት ሰምቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያሳርፍ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚለው ምክንያት ስለዚህ በቂ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ስፖኪዮው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ይጠረግ፤ ይስተካከል። የትንሽ መኪና ነጂ የግራውን ስፖኪዮ ሲያስተካክል ራሱን ወደ ግራው መስኮት አስጠግቶ፣ የቀኙን ሲያስተካክል ራሱን ወደ መኪናው መካከል አዘንብሎ፣ የመኪናው ጎን በመስተዋቱ ጠርዝ ላይ ለጥቂት ብቻ እስኪታየው ድረስ ያዙረው። ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ የራሱን መኪና ጎን አያይም፤ በፈንታው ከጎኑ ያለውን መንገድ ያያል። ይህም ሥውሩን ሥፍራ ያጠባል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ረድፍ ከመለወጡ በፊት ፍሬቻ ያሳይ፤ ስፖኪዮውን ይመልከት፤ በትከሻውም ላይ ዞር ብሎ ያጣራ።

አራተኛ፣ በቀኝ ሲታጠፉ የኋላው ጎማ የፊተኛውን ጎማ ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ተሳቢ ያለው መኪና ሲሆን የበለጠ ይቆርጣል። በመታጠፊያው ጥግ የቆመ እግረኛ የፊቱ ጎማ በሰላም ሲያልፈው «አለፈኝ» ብሎ ይዘናጋል፤ የሚደርስበት ግን የኋላው ነው። ነጂው ከመታጠፉ በፊት ፍጥነቱን ቀንሶ የቀኙን ጎን ደጋግሞ ይመልከት፤ ረዳት ካለውም «ቀኙን እይልኝ» ይበል። እርዳታ መጠየቅ የነጂን ሙያ አያሳንስም።

አሁን ደግሞ ወደ እግረኛውና ወደ ቤተሰቡ እንዞራለን። ትልቁ ስሕተታችን «እኔ ካየሁት እርሱም አይቶኛል» ብለን ማመናችን ነው። መኪና ትልቅ ነው፤ እኛ ትንሽ ነን፤ እኛ የምናየው ሁሉ እኛን አያየንም። ስለዚህ በቆመ መኪና ፊት ወይም ኋላ ማለፍ ያለበት ሰው የነጂውን ዓይን ይፈልግ። ዓይን ለዓይን ተያይተው ነጂው በእጁ «እለፍ» ካላለው በስተቀር አይለፍ። ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ዞሮ፣ ርቆ ይለፍ። በብርድ ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ፣ በዝናብም ጊዜ ጃንጥላ ዝቅ አድርጎ የሚሄድ ሰው በራሱ ላይ ሌላ ሥውር ሥፍራ እንደሚጨምር አይዘንጋ፤ መንገድ ሲያቋርጥ ጋቢውን ከጆሮውና ከዓይኑ ላይ ገለጥ ያድርግ።

በብስክሌት፣ በሞተር ሳይክል፣ በባጃጅ ወይም በትንሽ መኪና ከከባድ መኪና ጋር የሚጓዝም አንድ ቀላል መለያ አለው። የነጂውን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላየህ፣ እርሱም አንተን አያይህም። ከኋላው ተለጥፈህ አትሂድ፤ መኪናው ያለፈውን አንድ ድንጋይ ወይም ዛፍ ምልክት አድርገህ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» እያልክ እስከ አራት ቁጠር፤ አራት ሳትል ከምልክቱ ከደረስክ በጣም ቀርበሃል። ስትቀድም በጎኑ አትዘግይ፤ መንገዱ ፊት ለፊት ጠርቶ ሲታይህ በክላክስ አስጠንቅቀህ ፈጥነህ እለፍ፤ አለዚያም ከኋላው ቆይ። በቀኙ ጎን ተሾልኮ ማለፍ ግን፣ በተለይም መታጠፊያ አጠገብ፣ ሕይወትን በቁማር ማስያዝ ነው። በአቧራማ መንገድ በኮንቮይ ሲጓዙ ደግሞ የፊተኛው መኪና አቧራ ራሱ ሥውር ሥፍራ ነውና፣ መብራት አብርቶ ርቀትን ማስፋት ያስፈልጋል።

እናቶች ሆይ፣ የእናንተ ድርሻ ከሁሉ የከበደ ነው። ሕፃናት በመኪና የሚጎዱት በአውራ ጎዳና ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ጊዜ አደጋው የሚደርሰው በገዛ ግቢያቸው፣ በሚወዱት ሰው መኪና ነው። ልጅ የአባቱን መኪና ድምፅ ይለያል፤ ድምፁን ሲሰማም «አባዬ!» እያለ ይሮጣል። ሲሄድም ለመሰናበት ይከተለዋል። ስለዚህ በየቤታችሁ አንድ ሥርዓት አቁሙ። አባት ሲመጣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አባት ከጋቢናው ወርዶ በእግሩ መሬት እስኪረግጥ ድረስ ልጅ ከደጃፍ አይወጣ። ሲሄድም መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ድረስ የልጁ እጅ በእናቱ እጅ ይሁን። «ቁም» ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ እጁን መያዝ ነው። አባትም በበኩሉ ጋቢናው ላይ ተቀምጦ ልጁን አይጥራ፤ ከረሜላም በመስኮት አይወርውር። ልጅ የተወረወረለትን ይከተላልና። ከቆመ መኪና ሥር መጫወትም በእሳት እንደመጫወት እንዲቆጠር ልጆቻችንን እናስተምር።

ምናልባት «በዛሬ ዘመን ካሜራ አለ አይደለም ወይ?» የሚል ሊኖር ይችላል። አለ። ታሪኩንም ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ አንድ አባት በቤቱ ደጃፍ መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ የሁለት ዓመት ልጁን ሳያየው ገጨው፤ ልጁም ሞተ። አባትየው የሕፃናት ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በዚያ ሕፃን ስም የተጠራ ሕግ ወጣ፤ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮም በዚያ አገር የሚሸጡ አዳዲስ ትንንሽ መኪኖች ሁሉ የኋላቸውን ለነጂው የሚያሳይ ካሜራ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። ሕፃናትን በማዳን የሚኖር ሐኪም እንኳ የገዛ ልጁን ሊያይ ያልቻለበት ሥፍራ መኖሩ ለሁላችንም ትምህርት ነው። የእኛ የጭነት መኪናዎች አብዛኞቹ ካሜራ የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ ጭቃና አቧራ ይሸፍነዋል። ዞሮ የሚያይ እግርና ከውጭ የቆመ ረዳት ግን በሁሉም ዘንድ ይገኛል።

አሁን ወደ ቀደመው ምሳሌያችን እንመለስ። የአንዱ ዓይን ሥውር ነጥብ በሌላው ዓይን ይታያል ብለን ነበር። በጦር ሰፈር ሕይወትም እንዲሁ ነው። ነጂው አንዱ ዓይን ነው፤ ረዳቱ፣ እናቲቱ፣ በበረንዳ ላይ ቡና የሚቆሉት ጎረቤት ሌላው ዓይን ናቸው። ያን ዕለት ልጁን ያዳነው የጎረቤቷ ዓይን ነበር። ነገር ግን ጎረቤት ሁልጊዜ በረንዳ ላይ አይገኝም፤ የፈሰሰ ውሃም አይታፈስም። ስለዚህ ዕድል የሠራውን ሥራ ሥርዓት እንዲሠራው ማድረግ የእያንዳንዳችን ፈንታ ነው።

ያን ጦር ሰፈር ከዓመት በኋላ ደግመን ጎብኝተነው ነበር። አሥር አለቃው መኪናውን ከማስነሣቱ በፊት በዝግታ ሲዞር፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ሲያይ ተመለከትነው። ልጁ ከደጃፉ ላይ የእናቱን እጅ ይዞ ቆሞ፣ አባቱ ዙሩን ሲጨርስ «አባዬ፣ ማንም የለም!» ሲል ሰማነው። አባትየው እጁን አነሣለት፤ ከዚያም ነዳ።

ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ በየሰፈራችሁ ሁለት ጀሪካን ደራርባችሁ፣ የቆመ መኪና ፊት አቁማችሁ፣ ባልና ሚስት ተራ በተራ ከነጂው ወንበር ላይ ሆናችሁ እንድታዩ አደራ እንላለን። ለዛሬ በዚሁ እንሰናበታለን፤ ሄዶ ለመመለስ ያብቃን፤ ሰላም ሰንብቱ።